የቱሪስት መስህብና የመዝናኛ ዓይነቶች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቱሪዝም የሚማር ሰው ይህን ርዕስ ለፈተና ያነበዋል። ለጉዞ የሚሰናዳ ደግሞ "የት ልሂድ?" ብሎ ያነበዋል። ለሁለቱም የሚጠቅመው ነገር ግን ያው ነው። አንድ ቦታ መጀመሪያ ለምን እንደተሠራና ማን እንደሚያስተዳድረው ካወቃችሁ፣ ሰልፉም፣ የመግቢያ ዋጋውም፣ ክልከላውም ከየት እንደመጣ ይገባችኋል። ከታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የቱሪስት መስህብ ማለት ምንድን ነው? ከመዳረሻ በምን ይለያል?

መስህብ ሰውን ከቤቱ አስነስቶ የሚያመጣው ነገር ነው። ተራራ ሊሆን ይችላል። ሙዚየም፣ ኮንሰርት ወይም በየዓመቱ በአንድ ሜዳ የሚያልፍ የእንስሳት መንጋም ሊሆን ይችላል። መዳረሻ የሚባለው ደግሞ መስህቡ ያለበት አካባቢ በሙሉ ነው፤ መንገዱ፣ ሆቴሉ፣ አየር ማረፊያው ሁሉ ይካተታል። የሉቭር ሙዚየም መስህብ ነው፣ ፓሪስ መዳረሻ ናት።

ሆቴልና ትራንስፖርት አገልግሎት እንጂ መስህብ አይደሉም። ጥሩ አልጋ ፍለጋ ብቻ ባሕር የሚሻገር ሰው ብዙ የለም። አለ ከተባለም በሰሜን ስዊድን ዩካስየርቪ ወደሚገኘው የበረዶ ሆቴል የሚሄደው ነው። የሆቴሉ የክረምት ክፍል በየዓመቱ ከወንዝ በተቆረጠ በረዶ እንደ አዲስ ይሠራል፣ ሙቀት ሲመጣ ደግሞ ይቀልጣል። እዚያ አልጋው ራሱ መስህብ ሆኗል።

ስንት ዓይነት መስህብ አለ?

በትምህርት ቤት ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ክፍፍል አራት ነው። አንደኛው የተፈጥሮ መስህብ ነው፦ ፏፏቴ፣ ዋሻ፣ ባሕር ዳርቻ፣ ደን፣ የዱር እንስሳት። ሁለተኛው ሰው የሠራው፣ ግን ለጎብኚ ያልታሰበ ነው፦ ቤተ መንግሥት፣ ቤተ እምነት፣ ምሽግ፣ የድሮ ፋብሪካ። ሦስተኛው ገና ከጅምሩ ለጎብኚ ተብሎ የተሠራ ነው፦ መዝናኛ ፓርክ፣ መካነ እንስሳት፣ የውሃ ፓርክ፣ አብዛኛው ሙዚየም። አራተኛው ቦታ ሳይሆን ጊዜ ያለው ነገር ነው፦ ፌስቲቫል፣ የስፖርት ውድድር፣ ኤግዚቢሽን፣ ካርኒቫል።

ሌሎች አከፋፈሎችም አሉ። በባለቤትነት (የመንግሥት፣ የግል፣ የበጎ አድራጎት)፣ በቦታ (ከቤት ውጭ፣ ቤት ውስጥ)፣ ወይም የሚያመጡት ጎብኚ ከቅርብ ነው ከሩቅ በሚለው መክፈል ይቻላል። እኔ ግን አራቱን እመርጣለሁ። "ይህ ነገር መጀመሪያ ለማን ተሠራ?" የሚለው ጥያቄ የቦታውን ችግር ቶሎ ያወጣዋል።

የተፈጥሮ መስህብ ያው ሄዶ ማየት ነው። አስተዳደር ምን ያደርግለታል?

ብዙ ያደርግለታል። ተፈጥሮ በሰዓት አትመራም፣ ጎብኚ ደግሞ የመመለሻ ቲኬት አለው። በሁለቱ መካከል ሆኖ የሚያስታርቅ ሰው የግድ ያስፈልጋል።

በአሜሪካ የሎውስቶን ፓርክ ያለውን ኦልድ ፌይዝፉል የተባለውን ፍል ውሃ እንመልከት። የሎውስቶን በ1872 ብሔራዊ ፓርክ ተብሎ ሲታወጅ በዓለም የመጀመሪያው ነበር። ፍል ውሃው በየአንድ ሰዓት ተኩል አካባቢ ወደ ሰማይ ይተኮሳል። የፓርኩ ሠራተኞች ያለፈው ፍንዳታ ስንት ደቂቃ እንደቆየ ይይዛሉ። አጭር ከነበረ ቀጣዩ ቶሎ ይመጣል። ረጅም ከነበረ ይዘገያል። ይህን ይዘው የሚቀጥለውን ሰዓት ገምተው ይለጥፋሉ፣ አሥር ደቂቃ ወዲህ ወይም ወዲያ ሊል ይችላል ብለው። ተፈጥሮን ማዘዝ ባይቻልም ጎብኚው ሰዓቱን አውቆ እንዲጠብቅ ማድረግ ይቻላል።

የተራራ ጎሪላ ጉብኝት ደግሞ ከዚህም የጠነከረ ነው። በሩዋንዳ አንድን የጎሪላ ቤተሰብ በቀን አንድ ቡድን ብቻ ያያል፣ ቡድኑም ከ8 ጎብኚ አይበልጥም። አብሮ የመቆያ ጊዜው አንድ ሰዓት ነው። ጎብኚዎቹ ገና ገለጻ እያዳመጡ ሳለ ዱካ ፈላጊዎች ጫካ ገብተዋል። ጎሪላ ማታ ማታ ቅጠልና ቅርንጫፍ አጥፎ አዲስ መኝታ ይሠራል። ዱካ ፈላጊዎቹም ትናንት ካደረበት መኝታ ይነሱና አዲሱን ዱካ ይከተላሉ፣ ያሉበትን ቦታም በሬዲዮ ለመሪው ይነግሩታል። ጉንፋን የያዘው ሰው፣ ቲኬቱን ከወራት በፊት ገዝቶም ቢሆን፣ አይገባም። የሰው የመተንፈሻ በሽታ ወደ ጎሪላ ይተላለፋል፣ ለነሱ ደግሞ ገዳይ ሊሆን ይችላል። "ይህን ያህል ከፍዬ አንድ ሰዓት ብቻ?" የሚል ቅሬታ ይሰማል። ሰዓቱ የተገደበው ግን እንስሶቹን ለመጠበቅ ነው።

ለጎብኚ ያልተሠራ ቦታ ለምን በቶሎ ይጎዳል?

በሩ ጠባብ ነው፣ ደረጃው ያረጀ ነው፣ አየሩ የሚዘዋወርበት መንገድ የለም። ሲሠራ ጥቂት ሰው ይገባበታል ተብሎ ነበር፣ አሁን ሺዎች ይገባሉ።

በዚህ ርዕስ ከላስኮ የተሻለ ማስተማሪያ የለም። በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ ያለው ይህ ዋሻ በ1940 ተገኘ። ግድግዳው ከ15 ሺህ ዓመት በላይ ዕድሜ ባላቸው የፈረስ፣ የበሬና የአጋዘን ሥዕሎች የተሞላ ነው። በ1948 ለሕዝብ ተከፈተ፣ ሰውም ግር ብሎ መጣ። ጎብኚዎቹ ሥዕሉን አልነኩም፣ አልቧጨሩም። የተነፈሱት ትንፋሽ ግን በቂ ነበር። የካርቦን ዳይኦክሳይዱ፣ የእርጥበቱና የሙቀቱ መጠን ጨመረ፣ ብርሃኑም ተጨምሮበት ግድግዳው ላይ አረንጓዴ አልጌ (ዋቅላሚ) ወጣ። በ1963 ዋሻው ለሕዝብ ተዘጋ። በ1983 አጠገቡ ቅጂው ተከፈተ፣ በ2016 ደግሞ ይበልጥ የተሟላ ሌላ ቅጂ ተጨመረ። ዛሬ ሰው የሚያየው ቅጂውን ነው።

"ቅጂ ማየት ምን ያደርጋል?" የሚል ብዙ ነው። በበኩሌ ቅጂው ይሻላል ባይ ነኝ። ዋናው ዋሻ ተከፍቶ ቢቆይ ኖሮ የሚቀዳ ነገርም ላይቀር ይችል ነበር።

ከዚህ ምድብ ደስ የሚሉ ታሪኮችም አሉ። የለንደኑ ቴት ሞደርን ቀድሞ የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ ነበር፣ በ2000 የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ሆኖ ተከፈተ። ኒው ዮርክ ውስጥ ሃይ ላይን የሚባለው መናፈሻ አገልግሎቱን ያቆመ፣ ከመሬት ከፍ ያለ የባቡር ሐዲድ ነበር። የመጀመሪያው ክፍሉ በ2009 ተከፈተ። እነዚህ ቦታዎች ቶሎ ያልተጎዱት ጎብኚ ከመምጣቱ በፊት ለጎብኚ እንዲመቹ ተደርገው ስለታደሱ ነው።

ተራ መዝናኛ ፓርክና ቲም ፓርክ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ተራው መዝናኛ ፓርክ የመጫወቻዎች ስብስብ ነው፦ የሚሽከረከር፣ የሚወረወር፣ የሚያስጮህ። ታሪክ አያስፈልገውም። ከኮፐንሃገን አጠገብ ያለው ዲሬሃውስባከን አመጣጡ እስከ 1583 ይደርሳል፣ ዛሬም ይሠራል። እዚያው ከተማ ውስጥ ያለው ቲቮሊ በ1843 ተከፈተ።

ቲም ፓርክ ግን በአንድ ጭብጥ ይታሰራል። ሕንፃው፣ የሠራተኛው ልብስ፣ ሙዚቃው፣ የቆሻሻ መጣያው ሳይቀር አንድ ታሪክ ይተርካሉ። ይህን አሠራር በዓለም ያስፋፋው በካሊፎርኒያ በ1955 የተከፈተው ዲዝኒላንድ ነው። ዋልት ዲዝኒ የራሱን ከመክፈቱ በፊት ቲቮሊን ሄዶ አይቷል።

ዲዝኒላንድን ጠጋ ብላችሁ ስታዩት ብልሃቱ ይገርማል። ዙሪያው በአፈር ግንብ ተከልሏል፣ የውጪው ከተማ እንዳይታይ። ሰው በአንድ አቅጣጫ ይገባና የድሮ ከተማ በሚመስል መንገድ ላይ ይሄዳል። የሕንፃዎቹ ላይኛ ፎቅ ሆን ተብሎ ከታችኛው አነስ ተደርጎ ተሠርቷል። ከታች ሆኖ ለሚያይ ሕንፃው ከፍ ያለ ይመስላል። መንገዱ መጨረሻ ላይ ቤተ መንግሥት አለ። ግዙፍ የሚመስለው ቤተ መንግሥት ቁመቱ 23 ሜትር ብቻ ነው፣ ወደ ላይ በሄደ ቁጥር የድንጋዩ መጠን እያነሰ ስለሚሄድ ነው ዓይን የሚታለለው። እግር ደግሞ ዓይን ያየውን ይከተላል። ማንም "በዚህ በኩል ሂዱ" ሳይል ሕዝቡ ወደ መሃል ይሄዳል፣ ከዚያም ወደየአቅጣጫው ይበተናል።

እንግዲህ ልዩነቱ ይኸው ነው። ተራው ፓርክ መጫወቻ ይሸጣል፣ ቲም ፓርክ ከውጪው ዓለም ለአንድ ቀን መውጣትን ይሸጣል። ዋጋውም የዚያኑ ያህል ይለያያል።

ሰልፉ ለምን እንዲህ ይረዝማል? ተጨማሪ መጫወቻ አይሠሩም?

በስሌት እንየው። በቴምዝ ወንዝ ዳር ያለው ለንደን አይ የተባለው ግዙፍ የሚሽከረከር መንኮራኩር 135 ሜትር ከፍታ አለው። 32 ክፍሎች አሉት፣ በእያንዳንዱ እስከ 25 ሰው ይገባል። አንድ ዙር 30 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ሁሉም ክፍል ቢሞላ በአንድ ዙር 800 ሰው፣ በሰዓት 1,600 ሰው ማለት ነው። በዚያው ሰዓት 2,000 ሰው ከመጣ 400ው ለሚቀጥለው ሰዓት ይተላለፋል። ቀጥሎ ያለው ሰዓት የራሱን 2,000 ይዞ ይመጣል። እስከ ማታ ምን እንደሚሆን አስቡት። ይህም ማሽኑ ሰው ለማሳፈር ሳይቆም በዝግታ እየዞረ ስለሚያሳፍር ነው እንጂ፣ ቢቆም ኖሮ ቁጥሩ በጣም ይወርድ ነበር።

ተጨማሪ መሥራት ለምን አይቻልም? ግንባታው ውድ ነው፣ የሚጨናነቀው ደግሞ በበዓልና በዕረፍት ወራት ብቻ ነው። በሌላው ጊዜ ማሽኑ ባዶውን ይዞራል። ስለዚህ ባለቤቶቹ ሕዝቡን በሰዓት መከፋፈልን ይመርጣሉ። በሰዓት የተገደበ ቲኬት፣ በስልክ የሚያዝ ወረፋ፣ ብቻውን ለመጣ ሰው የተለየ መስመር፣ ተጨማሪ ከፍሎ ሰልፍ ማለፍ ሁሉም የመጡት ከዚህ ነው። የመጨረሻው፣ እውነቱን ለመናገር፣ አይጥመኝም። ሁለት ሰዓት የቆመ ልጅ ፊት ሌላው እየሳቀ ሲያልፍ ማየት ደስ አይልም። ለፓርኩ ግን ጥሩ ገቢ ነው።

ጠቃሚ ምክር፦ በር እንደተከፈተ ግቡና መጀመሪያ ዝነኛውን ያዙ። ትርኢት ወይም ሰልፈኛ ባንድ በሚያልፍበት ሰዓትም መጫወቻዎቹ ጋ ቀለል ይላል።

ፌስቲቫልና የስፖርት ውድድር እንዴት መስህብ ይባላሉ? ቦታ አይደሉምኮ!

ሰው ለነሱ ብሎ ይጓዛል፣ ይህ ይበቃል። እንዲያውም ክንውን ሌላው የማይችለውን ይችላል። ተራራ ዓመቱን ሙሉ ስለሚኖር "ሌላ ጊዜ አየዋለሁ" ይባላል። ክንውን ቀኑ ካለፈ አለፈ። ስለዚህም ሥራ የሚቀዘቅዝባቸው ወራት ላይ ጎብኚ ለማምጣት ከተሞች በብዛት ይጠቀሙበታል።

ክንውን ሳይታሰብም ያድጋል። በ1947 በስኮትላንድ ኤድንብራ ዓለም አቀፍ የኪነ ጥበብ ፌስቲቫል ሲጀመር ስምንት የቲያትር ቡድኖች ሳይጠሩ መጡ። ዋናው መድረክ ስላልተሰጣቸው ያገኙት አዳራሽ ውስጥ አሳዩ። ከዚያ የተወለደው ኤድንብራ ፍሪንጅ ዛሬ በዓለም ትልቁ የኪነ ጥበብ ፌስቲቫል ነው። አሁንም ማን ይገባል ማን አይገባም ብሎ የሚመርጥ ኮሚቴ የለውም። ሪዮ ዴ ጄኔሮ ደግሞ ለካርኒቫሏ ቋሚ ቦታ አበጀች። በኦስካር ኒማየር የተነደፈው ሳምባድሮም በ1984 ተከፈተ፣ የሳምባ ትምህርት ቤቶች የሚባሉት የጭፈራ ቡድኖችም የሚወዳደሩት እዚያ ነው።

አደጋውም እዚሁ ነው ያለው። ክንውኑ ያልፋል፣ ሕንፃው ይቀራል። የ1992 ኦሊምፒክ ባርሴሎናን ከባሕሯ ጋር አገናኝቶ ለቱሪዝሟ መነሻ ሆነ። በ2004 አቴንስ ላይ ከተሠሩት ስታዲየሞች መካከል ግን ሣር በቅሎባቸው የቀሩ ነበሩ። ከውድድሩ በኋላ ማን ይጠቀምበታል የሚለው ጥያቄ ግንባታው ከመጀመሩ በፊት መመለስ ነበረበት።

ተፈጥሮም ክንውን አላት። ኤፕሪል 8 ቀን 2024 በሰሜን አሜሪካ ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ ሲታይ፣ ጨለማው የሚያልፍባቸው ከተሞች ለጥቂት ደቂቃ ትዕይንት ሆቴላቸው ቀድሞ ሞላ።

ካሲኖ፣ ቲያትርና የማታ ትርኢትስ ከየትኛው ይመደባሉ?

መዝናኛ ናቸው። በጉዞ ውስጥ ያላቸው ቦታ ግን ሁለት ዓይነት ነው። አንዳንዱ ጊዜ መሙያ ነው፤ ቀን ሙዚየም ስታዩ ውላችሁ ማታ ኮንሰርት ትገባላችሁ፣ ኮንሰርቱ ባይኖርም ትመጡ ነበር። ሌላው ግን ራሱ የጉዞው ምክንያት ነው። ብሮድዌይ ላይ አንድ ሙዚቃዊ ቲያትር ለማየት ብሎ ኒው ዮርክ የሚሄድ አለ።

ላስ ቬጋስ ሁለቱንም ታሳያለች። የኔቫዳ ግዛት በ1931 ቁማርን ሕጋዊ አደረገች፣ ከተማዋም በካሲኖ አደገች። ትርኢቱና ዘፋኙ መጀመሪያ ተጫዋቹን ከጠረጴዛው እንዳይርቅ ማቆያ ነበሩ። ዛሬ ነገሩ ተገልብጧል። በዋናው ጎዳና ያሉ ትልልቅ ሆቴሎች ከቁማር የሚያገኙት ከገቢያቸው ግማሽ አይሞላም። ቀሪው ከክፍል፣ ከምግብ፣ ከትርኢትና ከስብሰባ ይመጣል። በ2023 የተከፈተውና ውስጡም ውጪውም በግዙፍ ስክሪን የተሸፈነው ስፊር የተሰኘው ክብ አዳራሽ የዚሁ ለውጥ ምልክት ነው። በቁማር ገቢ ደግሞ ቻይና ውስጥ ያለችው ማካው በ2006 ላስ ቬጋስን አልፋታለች።

የእስር ቤትና የእልቂት ቦታ መጎብኘት ነውር አይደለም?

የሚጎበኘው ሰው አኳኋን ይወስነዋል። በፖላንድ ያለው የናዚ የእልቂት ካምፕ አውሽዊትዝ በ1947 ሙዚየም ሲሆን ዓላማው መዝናኛ አልነበረም፣ ማስረጃ እንዳይጠፋ ነበር። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ሮበን ደሴት በ1997 ሙዚየም ሆኖ ሲከፈት፣ እስር ቤቱን እንዲያስጎበኙ የተደረጉት በፊት እዚያው የነበሩ የፖለቲካ እስረኞች ነበሩ። አንድ ሰው ራሱ የተኛበትን ክፍል እያሳየ ሲናገር መስማት ከማንኛውም ጽሑፍ ይለያል። ሂሮሺማ ላይ ከአቶሚክ ቦምቡ የተረፈው ጉልላት ፍርስራሽ ሳይታደስ እንደነበረ እንዲቆይ ተደርጓል፣ በ1996ም በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

ሥርዓቱ ቀላል ነው። ድምፅ ዝቅ ማድረግ፣ እየሳቁ ሰልፊ አለመነሳት፣ ትንንሽ ልጆችን ይዞ ከመሄድ በፊት ደንቡን ማየት። አንዳንዶቹ ለልጆች ዕድሜ ገደብ ወይም ማሳሰቢያ አላቸው።

የዓለም ቅርስ መሆን ጎብኚ ያመጣል?

ብዙ ጊዜ አዎ፣ ግን ለዚያ አልተፈጠረም። የዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ስምምነት በ1972 የጸደቀው ለጥበቃ ነው። በ1978 የመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች ሲመዘገቡ የሎውስቶን፣ የኢኳዶሩ ጋላፓጎስ ደሴቶች፣ የፖላንዱ ቪየሊችካ የጨው ማዕድን፣ ላሊበላና የሴኔጋሏ ጎሬ ደሴት ነበሩበት። መመዝገብ ስም ይሰጣል፣ ስሙም ጎብኚ ይጠራል። ጎብኚው ደግሞ ለጥበቃው አዲስ ራስ ምታት ይሆናል። በ2003 የወጣው ሌላው ስምምነት የማይዳሰሱ ቅርሶችን፣ ማለትም ጭፈራን፣ የእጅ ሙያንና ክብረ በዓልን ይመለከታል።

አንዳንዱ በነፃ ነው፣ ሌላው ውድ ነው። ለምን?

ማን እንደያዘው እዩ። በእንግሊዝ የብሔራዊ ሙዚየሞች ቋሚ ስብስብ ከ2001 መጨረሻ ጀምሮ በነፃ ነው የሚታየው፣ ምክንያቱም ወጪውን መንግሥት ይሸፍናል። ልዩ ኤግዚቢሽን ሲሆን ግን ያስከፍላሉ። ናሽናል ትረስት የሚባለው በ1895 የተቋቋመ በጎ አድራጎት ድርጅት ደግሞ የድሮ ቤቶችንና የባሕር ዳርቻዎችን የሚጠብቀው በአባላት መዋጮና በመግቢያ ነው። የግል መዝናኛ ፓርክ ድጎማ የለውም። የማሽን ጥገናውና የሠራተኛ ደሞዙ ዝናብ ዘንቦ ማንም ባይመጣም አይቀርም። ስለዚህ በደህናው ወር የከሰረውን ወር ጭምር ያስከፍላል።

መግቢያው ርካሽ ሆኖ ውስጡ የሚያስወጣም አለ። መውጫ በሩ በስጦታ ዕቃ ሱቅ በኩል የሚያልፈው በአጋጣሚ አይደለም።

ሰው በጣም ሲበዛ ምን ይደረጋል?

መፍትሔው እንደ ቦታው ይለያያል። ሉቭር በ2023 ወደ 8.9 ሚሊዮን ጎብኚ ሲያስተናግድ የቀኑን ቁጥር በ30 ሺህ ገድቦ ነበር። አብዛኛው ሰው ቀጥ ብሎ ወደ አንድ ሥዕል ነው የሚሄደው፣ አጠገቡ ያሉት ክፍሎች ግን ረጋ ያሉ ናቸው። ቬኒስ ከ2024 ጀምሮ በተመረጡ ቀናት ለአንድ ቀን ብቻ የሚመጣን ጎብኚ ታስከፍላለች። በፔሩ ያለው ጥንታዊ ከተማ ማቹ ፒቹ መግቢያው በሰዓትና በተወሰነ መንገድ ነው፣ እንደ ልብ መዞር የለም። ጋላፓጎስ ላይ አብዛኛውን የጥበቃ ክልል ያለ ፈቃድ ያለው አስጎብኚ ማየት አይቻልም።

አንዳንዴ መዝጋት ብቻ ነው የሚያዋጣው። ማያ ቤይ የተባለው የታይላንድ ባሕር ዳርቻ በአንድ ፊልም ምክንያት ዝናው ገነነና ጀልባ በጀልባ ላይ ሆነ፣ ኮራሉም ተጎዳ። በ2018 ተዘጋ፣ እስከ 2022 መጀመሪያ አልተከፈተም። በተዘጋበት ጊዜ የሪፍ ሻርኮች ተመልሰው መጡ። አሁን ጀልባ ወደ ባሕረ ሰላጤው ውስጥ አይገባም፣ ከኋላ በኩል ያራግፋል።

ቁጥር ብቻም አይደለም ጉዳዩ። አውስትራሊያ ውስጥ ኡሉሩ የተባለውን ትልቅ ዓለት መውጣት ከጥቅምት 2019 ጀምሮ ተከልክሏል። የአካባቢው ባለቤቶች አናንጉ ሕዝቦች ዓለቱ ቅዱስ ስለሆነ እባካችሁ አትውጡ ሲሉ ዘመናት አልፈዋል። ሊከለከል ሲል የሆነው ያሳዝናል፤ ሳይዘጋ ልውጣ ያለው ሁሉ ተሰልፎ ነበር።

አንድ ቦታ ከሁለት ምድብ ሊገባ ይችላል?

ይገባል። አይፍል ታወር በ1889 ለዓለም ኤግዚቢሽን ሲሠራ 20 ዓመት ብቻ እንዲቆም ነበር የተፈቀደው። ለሬዲዮ ግንኙነት ስለጠቀመ ሳይፈርስ ቀረ። በክንውን ተጀምሮ ቋሚ መስህብ ሆነ ማለት ነው። ፈተና ላይ ከመጣባችሁ አሁን ያለበትን ሁኔታና መነሻውን ለይታችሁ ጻፉ፣ አስተማሪ አይከራከራችሁም።

ከመሄዴ በፊት ምን ላጣራ?

እንደ ዓይነቱ ነው። የተፈጥሮ ቦታ ከሆነ ወቅቱን፤ ፏፏቴ በበጋ ክር ሊያክል ይችላል። ቤተ እምነት ከሆነ የአለባበስ ደንቡንና የጸሎት ሰዓቱን። ሙዚየም ከሆነ በሳምንት የሚዘጋበትን ቀን፤ ሉቭር ማክሰኞ ይዘጋል፣ ሌሎች ብዙዎች ደግሞ ሰኞ። መዝናኛ ፓርክ ከሆነ የልጁን ቁመት ቤት እያላችሁ ለኩ። ሮለር ኮስተር ብዙ ጊዜ የሚገድበው በቁመት እንጂ በዕድሜ አይደለም፣ መለኪያው ዱላ አጠገብ አንድ ሰዓት ተሰልፎ የሚመለስ ልጅ ለቅሶ የቀኑን ጨዋታ ያበላሸዋል። በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው ካለ አስቀድማችሁ ደውሉ። አዲሶቹ ቦታዎች ብዙ ጊዜ ይመቻሉ፣ ጥንታዊዎቹ ግን ሊፍት የላቸውም፣ ድረ ገጻቸው ላይም ይህ ሁልጊዜ በግልጽ አይጻፍም። ክንውን ከሆነ ማረፊያውን ከቲኬቱ በፊት ያዙ። ቲኬት ኖሮት ማደሪያ ያጣ ሰው ብዙ ነው።